የአባታችሁን እኅቶችስ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ስለ ቤተሰብ ታሪክና ስለ ጡት ካንሰር ተጋላጭነት

የጤና አስተማሪ (ውይይቱን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ።

ስለ ጡት ካንሰር ለማኅበረሰቡ ትምህርት በምሰጥባቸው መድረኮች ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳላነሣ አልፌ አላውቅም፤ «በቤተሰባችሁ ውስጥ በዚህ በሽታ የታመመ ሰው አለ?» እላለሁ። እጃቸውን የሚያወጡት ሴቶች ስለ እናታቸው፣ ስለ እናታቸው እኅት ወይም ስለ ሴት አያታቸው ይነግሩኛል። «በአባታችሁ ወገንስ?» ብዬ ስቀጥል ግን ብዙዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ አስበውት አያውቁም። ጡት የሴት አካል ነው ስለሚባል በሽታውም ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚወርድ ይመስላቸዋል። ወንዶቹ ደግሞ ጥያቄው ጭራሹን እነሱን የሚመለከት አይመስላቸውም።

ከእያንዳንዱ ዘረመል፣ ማለትም ከወላጆቻችን ከምንወርሰው የሰውነታችን መመሪያ፣ ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱ ከእናታችን፣ ሌላው ከአባታችን የመጣ ነው። ለጡት ካንሰር የሚያጋልጥ የዘረመል ለውጥ ከሁለቱ ወላጆች በአንዱ ላይ ካለ፣ ወላጁ እናትም ሆነች አባት፣ እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ለውጡን የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። አባት ራሱ አንድም ቀን ሳይታመም ከእናቱ የወረሰውን ለሴት ልጁ ሊያወርስ ይችላል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ «በሽታው አንድ ትውልድ ዘሎ መጣ» ይላል፤ የዘረመል ለውጡ ግን አልዘለለም፣ በአባትየው ውስጥ አልፎ ነው የመጣው።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከትምህርቱ በኋላ ሁለት ዓይነት ሴቶች እየመጡ ያነጋግሩኛል። አንዷ «በእኛ ቤት ማንም አልታመመም፤ እኔን አያሰጋኝም» ትላለች። ሌላዋ «እናቴ ታማለች፤ የእኔም ተራ ይደርሳል» ብላ ታለቅሳለች። ሁለቱም ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመና 52 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ በጡት ካንሰር ከሚታመሙ 9 ሴቶች መካከል 8ቱ የታመመች እናት፣ እኅት ወይም ሴት ልጅ የላቸውም። በአንጻሩ ደግሞ ከጡት ካንሰር ሁሉ በአንድ ጠንካራ የዘረመል ለውጥ ምክንያት በውርስ የሚመጣው ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ታሪክ መጠየቁ ምርመራው መቼ መጀመር እንዳለበትና ማን ከሌሎች ቀድሞ መታየት እንደሚገባው ለማወቅ ነው።

በእናንተ ቤተሰብ ስለዚህ ጉዳይ ምን ተነግሯችኋል? ማንን ጠየቃችሁ? ያልተነገራችሁስ ምንድን ነው?


የበኩር ልጅ

ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜዬ 31 ነው። እናቴ የጡት ካንሰር የተገኘባት በ42 ዓመቷ ነበር፤ ታክማ ዛሬ በሕይወት አለች። ሕክምናዋን ከጨረሰች ወዲህ ግን ስለ በሽታው ማውራት አትወድም፤ ጉዳዩን ሳነሣባት ወሬ ትለውጣለች፤ እኔም ቁስሏን የነካሁባት ስለሚመስለኝ ዝም እላለሁ። ከአንድ ዓመት በፊት ወደ አንድ የጤና ተቋም ሄጄ ልመርመር ስል «ገና ልጅ ነሽ፤ 40 ሲሞላሽ ነይ» ተባልኩና ተመለስኩ።

የአባቴን ወገን በተመለከተ አንዲት እኅቱ እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ አርፋለች። በልጅነቴ የሰማሁት «በሆድ ሕመም ሞተች» የሚል ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ጥያቄዬ የዘረመል ምርመራ አሁኑኑ ማድረግ ይኖርብኛል ወይ የሚል ነው።


የካንሰር ሐኪም

እኅቴ፣ ከጻፍሽው ውስጥ ሁለት ነገሮች ትኩረቴን ስበውታል።

የመጀመሪያው የእናትሽ ዕድሜ ነው። በቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ስንት ሰው ታመመ ከሚለው ባልተናነሰ በስንት ዓመታቸው ታመሙ የሚለው ይመዝናል። በ78 ዓመቷ የታመመች አያት ያላት ሴትና በ42 ዓመቷ የታመመች እናት ያላት ሴት ሁለቱም «በቤተሰቤ አለ» ይላሉ፤ ተጋላጭነታቸው ግን በጣም ይለያያል። ጡት ካንሰር በባሕርዩ ዕድሜ ሲገፋ የሚበዛ በሽታ በመሆኑ፣ ከማረጥ በፊት ሲመጣ ከጀርባው የሚወረስ ነገር ይኖር ይሆን ብለን እንጠይቃለን። በብዙ የሕክምና መመሪያዎች የታመመችው የቅርብ ዘመድ በሽታው ከተገኘባት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ምርመራ መጀመር ይመከራል። የእናትሽን 42 ይዘን 10 ስንቀንስ 32 ይሆናል፤ ያ ደግሞ የሚመጣው ዓመት ነው። 40 ዓመት እስኪሞላሽ መጠበቅ አይገባሽም። ተመልሰሽ ስትሄጂ «ልመርመር» ብቻ አትበዪ፤ «እናቴ በ42 ዓመቷ የጡት ካንሰር ተገኝቶባታል» ብለሽ ጀምሪ፤ ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር የሚሰጥሽን መልስ ሊለውጠው ይችላል።

ሁለተኛው «በሆድ ሕመም ሞተች» የሚለው ነው። የኦቫሪ፣ ማለትም የእንቁላል እጢ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ሆድ ሲነፋና ውሃ ሲቋጥር፣ የምግብ ፍላጎት ሲጠፋ ነው፤ ቤተሰብ የሚያየውና የሚያስታውሰውም ሆዷን ነው። በእርግጥ ሌላ ብዙ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለጡት ካንሰር የሚያጋልጡት ዋነኞቹ ዘረመሎች፣ ቢአርሲኤ 1 እና ቢአርሲኤ 2፣ ለኦቫሪ ካንሰርም ያጋልጣሉ፤ ስለዚህ የአክስትሽ ጉዳይ ሳይጣራ መታለፍ የለበትም።

የዘረመል ምርመራውን በተመለከተ፣ የሚቻል ከሆነ ከአንቺ በፊት እናትሽ ብትመረመር ይሻላል። ምርመራው የበለጠ የሚናገረው በታመመው ሰው ላይ ሲደረግ ነው። በእናትሽ ላይ የታወቀ ለውጥ ከተገኘ፣ በአንቺ ደም ውስጥ ያንኑ ለውጥ ለይቶ መፈለግ ይቻላል፤ ከሌለብሽም በእናትሽ በኩል ያ ለውጥ እንዳልደረሰሽ በእርግጠኝነት ይነገርሻል። አንቺ ብቻ ተመርምረሽ «ምንም አልተገኘም» ብትባዪ ግን የእናትሽን ሕመም ያመጣው ለውጥ ሳይደርስሽ ቀርቶ ነው ወይስ ምርመራው የማያውቀው ሌላ ምክንያት ኖሮ ነው የሚለው አይፈታም። ለእናትሽም ለራሷ ይጠቅማታል፤ ለውጡ ካለባት ሁለተኛው ጡቷና ኦቫሪዎቿ ክትትል ይሻሉ።


የሦስት ሴቶች ልጆች አባት

እዚህ የገባሁት ለባለቤቴ የሚሆን መረጃ ፍለጋ ነበር፤ አሁን ግን ጉዳዩ የእኔው ሆኖ አገኘሁት። እናቴ በጡት ካንሰር ነው ያረፈችው። ታናሽ እኅቴ ደግሞ በ39 ዓመቷ ታማ በሕክምና ላይ ናት። ልጆቼ 22፣ 13 እና 9 ዓመታቸው ነው። እስከ ዛሬ ሐኪም ዘንድ በቀረብኩ ቁጥር ስለ ቤተሰቤ ስጠየቅ የስኳርና የደም ግፊት በሽታን ብቻ ነበር የምናገረው፤ የእናቴንና የእኅቴን ሕመም ከእኔ ጤና ጋር አገናኝቼው አላውቅም።

ወንድ ልጅ ራሱ በጡት ካንሰር ይታመማል? እኔ ልመርመር? ልጆቼስ?


የዘረመል አማካሪ

ወንድሜ፣ የእርስዎ ጥያቄ ውይይቱ በተከፈተበት ጉዳይ ላይ ያረፈ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አዎን፣ ወንድ ይታመማል። በዓለም ላይ ከሚገኘው የጡት ካንሰር በወንዶች ላይ የሚታየው 1 በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። የቢአርሲኤ 2 ለውጥ ባለባቸው ወንዶች ላይ ግን በሕይወት ዘመናቸው የመታመም ዕድላቸው ወደ 7 በመቶ ከፍ ይላል፤ ለፕሮስቴትና ለቆሽት ካንሰርም ያጋልጣቸዋል። በጡትዎ ጫፍ ሥር የሚዳሰስ እብጠት ካዩ «ይህማ የሴት በሽታ ነው» ብለው አይተዉት።

እኅትዎ በ39 ዓመታቸው የታመሙና በሕይወት ያሉ በመሆናቸው ምርመራው ከእሳቸው መጀመር አለበት፤ እናትና ልጅ መታመማቸው፣ ያውም አንዷ በዚህ ዕድሜ፣ ለዘረመል ምርመራ በቂ ምክንያት ነው። በእሳቸው ላይ ለውጥ ከተገኘ ቀጥሎ የሚመረመሩት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ካልወረሱት ልጆችዎ በእርስዎ በኩል ሊወርሱት አይችሉም፤ ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል። ከወረሱት የ22 ዓመቷ ልጅዎ ትልቅ ሰው ስለሆነች ተማክራ ራሷ ትወስናለች። የ13 እና የ9 ዓመቶቹን ግን አሁን መመርመር አይመከርም። በልጅነት ዕድሜ የሚደረግላቸው የተለየ ነገር የለም፤ ሲያድጉ የማወቅም ሆነ ያለማወቅ መብታቸውም የራሳቸው ነው።

ቁጥሮቹን ሰዎች ሲያጋንኑም ሲያሳንሱም ስለምሰማ ልጥቀሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት የለውጡን ተሸካሚዎች ለዓመታት ተከታትሎ፣ እስከ 80 ዓመት ዕድሜ ድረስ የቢአርሲኤ 1 ተሸካሚ ከሆኑ ሴቶች 72 በመቶ፣ የቢአርሲኤ 2 ተሸካሚ ከሆኑት ደግሞ 69 በመቶ የሚሆኑት በጡት ካንሰር እንደሚታመሙ ገምቷል። ለኦቫሪ ካንሰር ግምቱ በቅደም ተከተል 44 እና 17 በመቶ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት ለውጡ ለተገኘበት ሰው እንጂ የታመመ ዘመድ ላለው ሁሉ አይደለም። አስተማሪዋ የጠቀሱት የ2001 ሥራ ስለ ዘመዶች ቁጥር የሚለውም አለ፤ ባደጉ አገሮች እስከ 80 ዓመት ዕድሜ ድረስ የመታመም ዕድሉ የታመመች የቅርብ ዘመድ (እናት፣ እኅት ወይም ሴት ልጅ) ለሌላት ሴት 7.8 በመቶ፣ አንዲት ላላት 13.3 በመቶ፣ ሁለት ላሏት 21.1 በመቶ ነው። ሁለት የታመሙ ዘመዶች ካሏቸው ሴቶች እንኳ አብዛኞቹ አይታመሙም ማለት ነው። በፍርሃት እንቅልፍ ያጡ ሴቶች ይህን ቁጥር በደንብ እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

በሽታው በአንዳንድ ቤተሰቦች እንደሚደጋገም ሰዎች ካስተዋሉ ቆይተዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1866 በባለቤቱ ቤተሰብ በአራት ትውልድ ውስጥ የታየውን ካንሰር መዝግቦ አሳትሟል። እንዲህ ያለ ውርስ የሚያመጣ ዘረመል የት እንዳለ ለመጠቆም ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1990 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆኗል፤ አሜሪካዊቷ የዘረመል ተመራማሪ ሜሪ-ክሌር ኪንግና ባልደረቦቿ ቢአርሲኤ 1 በ17ኛው ክሮሞዞም (ዘረመሎችን የያዘ የሕዋስ ክፍል) ላይ እንደሚገኝ ያሳዩት በዚያ ዓመት ነው፤ በዚያ ጊዜ ካንሰር በዚህ መልክ ይወረሳል የሚለውን ብዙዎች አይቀበሉትም ነበር። እነዚህ ዘረመሎች ጤነኛ ሲሆኑ ሥራቸው የተሰበረ ዲኤንኤን መጠገን ነው። አንዱ ቅጂ ከልደት ጀምሮ የተበላሸ ከሆነና በዕድሜ ሂደት ሁለተኛውም በአንድ ሕዋስ ውስጥ ከተበላሸ፣ ያ ሕዋስ ጠጋኝ ያጣል፤ ስሕተት በስሕተት ላይ ይከማችበታል። ከነዚህ ሌላ ፓልቢ 2፣ ቲፒ 53፣ ቼክ 2 እና ኤቲኤም የሚባሉትም አሉ፤ ተጋላጭነታቸው ግን እኩል አይደለም።

አሁን የቤተሰብ ታሪክን በወረቀት ላይ ወደ ማስፈር ልለፍ። አንድ ባዶ ወረቀት ወስዳችሁ ራሳችሁን ከታች፣ እናትና አባታችሁን በላይ፣ አያቶቻችሁን ከዚያ በላይ አድርጋችሁ ጻፉ፤ ወንዱን በካሬ፣ ሴቷን በክብ ምልክት አድርጉ። ወንድሞች፣ እኅቶች፣ አጎቶችና አክስቶች አይቅሩ። የታመመውን ሰው ምልክቱን አጥቁሩና ከጎኑ ምን ዓይነት ካንሰር፣ በስንት ዓመቱ እንደተገኘበት ጻፉ፤ የሞተበት ዕድሜና የታመመበት ዕድሜ እንዳይምታታባችሁ። በጤና የሚኖሩትንም ከነዕድሜያቸው መዝግቡ፤ እስከ 85 ዓመታቸው በጤና የኖሩ አምስት ሴቶች ያሉበት ቤተሰብ ለእኔ ብዙ ይነግረኛል።

ስትጠይቁ «ካንሰር ነበረባት ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ስሙን የሚፈራ ሰው «የለም» ብሎ ይዘጋዋል። «በስንት ዓመቷ ነው ያረፈችው? ሕመሟ እንዴት ጀመራት? ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ያውቃል? የቱን አካሏን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሴቶች ጥቂት የሆኑበት፣ በሌላ ምክንያት በወጣትነት የሞቱበት ወይም በማደጎ ያደገ ሰው ያለበት ቤተሰብ ወረቀቱ ባዶ ስለሆነ ብቻ «ንጹሕ» አይባልም።


ስጋት የገባት

ሁላችሁም በቅንነት ነው የምትጽፉት፤ ነገር ግን የማይመለስ ነገርን ማወቅ ምን ይጠቅማል? የወረስኩትን ዘረመል መቀየር አልችልም። ልጄም ይህን ከሰማች በኋላ ኑሮዋን ሁሉ በሽታ ስትጠብቅ ታሳልፋለች። ስለዚህ አለማወቁን እመርጣለሁ።


የለውጡ ተሸካሚ

እኅቴ፣ እኔም እንደ አንቺ ስል ነበር። እኅቴ በ36 ዓመቷ ከታመመች በኋላ ተመርምሬ የቢአርሲኤ 1 ለውጥ እንዳለብኝ ሳውቅ 34 ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ፤ ያንን አልደብቅሽም። አሁን 41 ዓመቴ ነው።

ዘረመሉን መቀየር አልቻልኩም፤ ብዙ ነገር ማድረግ ግን ችያለሁ። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ኤምአርአይ (በመግነጢስ የሚነሣ ምስል)፣ ከዚያ ስድስት ወር ቆይቼ ደግሞ አንድ ጊዜ ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) እነሣለሁ። ለቢአርሲኤ 1 ተሸካሚዎች የኦቫሪ ካንሰርን ቀድሞ የሚያገኝ አስተማማኝ ምርመራ ስለሌለ፣ መውለድ ካበቃ በኋላ ከ35 እስከ 40 ዓመት ባለው ጊዜ ኦቫሪና የእንቁላል ቱቦን ማስወገድ ይመከራል፤ እኔም በ38 ዓመቴ አስወገድኩ። በዚያው ሰሞን የወር አበባዬ ተቋረጠ፤ ድንገተኛ ሙቀቱ፣ የእንቅልፍ እጦቱ፣ ለአጥንቴ የሚደረገው ክትትል አስቸግሮኛል። ሁለቱንም ጡት ማስወገድ የጡት ካንሰርን ዕድል ከ90 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ ተነግሮኛል፤ እስካሁን አልወሰንኩም፤ ማንም አላስገደደኝም። የፊልም ተዋናይዋ አንጀሊና ጆሊ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ ቀዶ ሕክምና ማድረጓን በይፋ ስለጻፈች የሚያውቁኝ ሰዎች ሁሉ እኔም ያንኑ እንዳደርግ ይጠብቁ ነበር፤ የእሷ ውሳኔ የእሷ ነው፣ የእኔ ደግሞ የእኔ።

አለማወቅ መብትሽ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ የዘረመል ምርመራውን ባታደርጊም የቤተሰብሽን ታሪክ ለሐኪምሽ ተናገሪ። ለዚያ ደም መስጠት አያስፈልግም።


የካንሰር ሐኪም

ትንሽ ልጨምርበት። ለውጥ ሳይገኝባቸው የቤተሰብ ታሪካቸው ጠንካራ የሆነ ሴቶችም አማራጭ አላቸው። ተጋላጭነታቸው ከፍ ያለ ከ13,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ ታሞክሲፈን የሚባለው መድኃኒት ወራሪ የጡት ካንሰርን 49 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የደም መርጋትንና የማኅፀን ግድግዳ ካንሰርን ዕድል ስለሚጨምር ግን በራስ ውሳኔ የሚወሰድ አይደለም።


መልስ የጠፋኝ

እኔ ተመርምሬ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ይህ አለብኝ ማለት ነው ወይስ የለብኝም?


የዘረመል አማካሪ

ገና አልታወቀም ማለት ነው። በዚህ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ቀዶ ሕክምና አይደረግም፤ ዘመዶችም ለዚህ ለውጥ አይመረመሩም፤ ክትትልዎ የሚወሰነው በቤተሰብ ታሪክዎ ነው። እስከ ዛሬ የተሰበሰበው መረጃ በአብዛኛው ከአውሮፓ ተወላጆች የመጣ ስለሆነ ሌሎች ሕዝቦች እንዲህ ያለውን መልስ በብዛት ያገኛሉ። መረጃው ሲጨምር እንዲህ ያሉ ለውጦች እንደገና ይመደባሉ፤ አብዛኞቹም ጉዳት የሌላቸው ሆነው ይገኛሉ። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ደውለው አዲስ ነገር ካለ ይጠይቁ።


የጤና አስተማሪ

የቤተሰብ ታሪክ የሌላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉ። በጡት ወይም በብብት የሚዳሰስ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ደም ያለበት ፈሳሽ ካያችሁ ሕመም የለውም ብላችሁ አትቆዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲጀምር አያምም። የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ሴት ምልክቱን ይዛ ከቀረበች በኋላ በ60 ቀን ውስጥ በሽታው እንዲለይ ግብ አስቀምጧል፤ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ግን እሷ ስትቀርብ ነው።


የበኩር ልጅ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

ወረቀቱን ይዤ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩና ስለ ሕመሟ ምንም ሳልጠይቃት የአያቶቼን ስምና ዕድሜ ጠየቅኳት። ስለ እናቷ ስትነግረኝ፣ ስለ እኅቶቿ ስትነግረኝ ቆየችና ራሷ ጋ ስትደርስ እጇን ዘርግታ ብዕሩን ወሰደችብኝ፤ ክቡን አጥቁራ «42» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገረችኝ። በእናቴ ወገን ከእሷ በስተቀር የታመመ ሰው የለም፤ ሁለት እኅቶቿ ከ60 ዓመት በላይ ሆነው በጤና ይኖራሉ። ለመመርመርም ፈቃደኛ ናት።

የአባቴ ወገን ግን ያልጠበቅኩት ሆነ። የሟች አክስቴ ልጅ የሕክምና ወረቀቷን አስቀምጦት ነበር። በ47 ዓመቷ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሁለቱም ኦቫሪዎቿ ወጥተዋል፤ በሽታው የኦቫሪ ካንሰር እንደሆነ ተጽፏል። «የሆድ ሕመም» የተባለው ይህ ነበር። አሁን የእናቴ ምርመራ ብቻ ይበቃኛል?


የዘረመል አማካሪ

አይበቃሽም፤ ይህን ስለጠየቅሽ ደግሞ እጅግ ደስ ብሎኛል። የእናትሽ ደም ስለ አክስትሽ የሚናገረው ነገር የለም። በዚያ ወገን በሕይወት ካሉት ለአክስትሽ የቅርቡ ሰዎች አባትሽና የራሷ ልጅ ናቸው፤ ለአንቺ የሚጠቅምሽ የአባትሽ ምርመራ ነው። የኦቫሪ ካንሰር የያዛት እኅት ያለችው ሰው፣ ወንድም ቢሆን፣ ለዘረመል ምርመራ ብቁ ነው። የሕክምና ወረቀቱን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ የአክስትሽን ልጅም አትርሺው፣ ጉዳዩ ከአንቺ ይልቅ ለእሱ ይቀርባል።


የበኩር ልጅ

አባቴን ትናንት ማታ አነጋገርኩት። «ለጡት ካንሰር የእኔን ደም?» ብሎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ወረቀቱን አሳየሁትና የእኅቱን ክብ ሲያይ «ለምንድን ነው ያልጠቆረው?» አለኝ። እሱ እንዲያጠቁረው ብዬ ነበር የተውኩት። ብዕሩን ሰጠሁት፤ ከጎኑ «ኦቫሪ፣ 47» ብሎ ጻፈበት። ለሚቀጥለው ማክሰኞ ሦስታችንም አብረን ቀጠሮ ይዘናል፤ የአክስቴን ልጅ ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።